«ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል»፦ ስለ ማረጥ ለጠየቃችሁን

ባለፈው ዝግጅት ስለ ማረጥ አውርተን ስልኩ ፋታ አላገኘም። በአየር ላይ ሳንመልሳቸው ሰዓቱ ያለቀብንን ጥያቄዎች እነሆ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ብዙ ደዋዮች «ማረጥ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በሰፈር ስድብ ሆኖ ስለሚነገር አይገርመኝም። በሕክምና ግን ትርጉሙ ቀላል ነው። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ሴቷ አርጣለች እንላለን። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት አበባው አንዴ የሚፈጥንባቸው፣ አንዴ የሚዘገይባቸው የመሸጋገሪያ ዓመታት አሉ። አብዛኛው መከራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«46 ዓመቴ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። ቡና ልቆላ ከሰል ፊት ስቀመጥ ፊቴ ይነድዳል፣ በነጠላዬ ጫፍ እራገባለሁ። ታይፎይድ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወሰድኩ። ምንም አልተሻለኝም።» (ከደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ እሰማለሁ። አዘጋጇ መልሳ ደውላ ስለ ወር አበባዎ ስትጠይቅዎ፣ «ሁለት ወር ይጠፋና ከዚያ ይጎርፋል» አሏት። ያን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀዎትም ነበር።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በዚህ ዕድሜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በዚህ ይረበሻል። ትንሽ ሲሞቅዎ ሰውነትዎ የጋለ ይመስለዋል። ስለዚህ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ላብ ያወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፤ ከኋላው ብርድ ብርድ ይላል። ከወባና ከታይፎይድ ጋር የሚያምታታው ይሄ ብርድ ነው።

ቴርሞሜትር ካለዎት፣ ሙቀቱ ሲመጣ ብብትዎ ሥር ያድርጉት። የማረጥ ሙቀት ያቃጥላል እንጂ እውነተኛ ትኩሳት አይደለም። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ አንዴ መደረጉ ብቻውን ታይፎይድ መሆኑን አያረጋግጥም። እባክዎ አራተኛውን መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ይህንን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ላብ ሁሉ ግን የማረጥ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ፣ ሰውነትዎ ከከሳ ወይም ትኩሳቱ እውነተኛ ከሆነ ቲቢ መመርመር አለበት። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም እንዲህ ያልባል። ደሙ የሚጎርፍ ከሆነ ደግሞ ደም ማነስ እንዳለ ይታይ።

ደብረ ብርሃን ላይ መስኮት ከፍተው ይተኙ ማለት ይከብደኛል። ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ ስስ ስስ ነገር ደርበው ይተኙ፣ ሲሞቅዎ አንዱን ይገፉታል። ትኩስ ቡና፣ ሚጥሚጣና መጠጥ ሙቀቱን የሚቀሰቅሱባቸው ሴቶች አሉ። ለሁለት ሳምንት መቼ እንደመጣብዎ ይጻፉ፣ የእርስዎን ያገኙታል። «ቻይው፣ ያልፋል» ሲሉዎት ደግሞ አይቀበሉ። ይህ ሙቀት በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ይቆያል። 7 ዓመት እንቅልፍ አጥቶ መኖር አይቻልም፤ መድኃኒት አለው።

«47 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ። አበባዬ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆነው። አርጫለሁ ማለት ነው?» (ከሐዋሳ)

አይታወቅም። መርፌው ራሱ አበባን ያስቀራል። አርጫለሁ ብለው መከላከያውን በራስዎ እንዳያቆሙ፣ በ47 ዓመት ማርገዝ ይቻላል። መርፌው ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ አጥንትን ስለሚያሳሳ፣ በዚህ ዕድሜ ወደ ሌላ መከላከያ ስለመቀየር ሐኪም ያማክሩ።

«ባለቤቴ 49 ዓመቷ ነው። ትቆጣለች፣ ድንገት ታለቅሳለች፣ መኝታም ትሸሸኛለች። ሌላ ሰው ወዳ ይሆን?» (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ደፍረው ስለደወሉ አመሰግናለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ይቆጣል። ስለ መኝታው አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ያማታል ወይ ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ? ኤስትሮጅን ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ቆዳው ይሳሳል። ግንኙነት እንደ ቁስል ያቃጥላል። ብዙ ሚስቶች ይህንን ከመናገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ይመርጣሉ። ድርቀቱ እንደ ሙቀቱ ከጊዜ ጋር የሚለቅ አይደለም። ግን ከፋርማሲ የሚገዛ ማለስለሻ አለ። ሐኪም የሚያዘው፣ በብልት የሚደረግ አነስተኛ የኤስትሮጅን ክሬምም በጣም ይረዳል። ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ የማይለቃት ከሆነና ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ድብርት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይታከማል። ሽማግሌ ከመጥራትዎ በፊት አብረዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

«52 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ሆርሞን ልጀምርልሽ አለችኝ። ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።» (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

ፍርሃቱ የመጣው እዚያው አሜሪካ ከተደረገ ትልቅ ጥናት ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን አንድ ላይ የሚወስዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ከፍ ብሎ ስለታየ፣ ያ ክፍል ከጊዜው በፊት ቆመ። ጭማሪው ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ገደማ ነበር። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ ደግሞ 63 ነበር፣ አብዛኞቹ ካረጡ ቆይተዋል። ዛሬ የምንለው ይህ ነው፦ 60 ዓመት ላልሞላት፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላላለፋት፣ ሙቀቱ ለሚያስቸግራትና ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። አጥንትንም ይጠብቃል።

ማህፀን ካለዎት ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም፤ ፕሮጄስትሮን ይጨመርበታል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ለደም መርጋት ከሚዋጠው ያነሰ ያሰጋል፤ ስለሱ ይጠይቋት። የጡት ካንሰር፣ የእግር ወይም የሳንባ ደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ነበረብዎት? አንዱም ቢሆን ለሐኪምዎ ሳይናገሩ እንዳይጀምሩ። ለእንደዚህ ዓይነት ሴቶች ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ።

«56 ዓመቴ ነው። አበባዬ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ባለፈው ወር ሁለት ቀን መጣ። ጎረቤቴ ታድለሽ፣ ልጅነትሽ ተመለሰ አለችኝ።» (ከባሕር ዳር)

ጎረቤትዎ ክፋት አስባ አይደለም። ግን ይህ አበባ አይደለም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ብትሆን፣ ቀለሙ ቡናማም ቢሆን መታየት አለበት። ብዙውን ጊዜ የማህፀን ግድግዳ መሳሳት ወይም ትንሽ እባጭ ሆኖ ይገኛል። ከአሥር አንዷ ላይ ገደማ ግን የማህፀን ካንሰር ይሆናል። ይህ ካንሰር ደግሞ ቀድሞ በደም ስለሚታወቅ ቶሎ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ነው አጥብቄ የምለው። ደሙ መቆሙ አያዘናጋዎት።

ሐኪሙ የማህፀን በርን ያያል። በአልትራሳውንድ የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ውፍረት ይለካል። 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከወፈረ ወይም ደሙ ተመልሶ ከመጣ ናሙና ይወሰዳል። ደሙ የታየበትን ቀን፣ መጠኑንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ልጅዎ ወይም እህትዎ አብረውዎት ይሂዱ። ሰኞ ጠዋት ይሂዱ፣ የሚቀጥለውን ወር አይጠብቁ።