ከቱሉ ዲምቱ ወደ ጋምቤላ፦ ምን ይጫናል፣ ምን ይቀራል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ድምፄ ቢያስተጋባባችሁ አትገረሙ፤ ሳሎኑ ባዶ እየሆነ ነው። ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ጋምቤላ ተመድቦ ሄዷል። እኔና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ እንከተለዋለን።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ የመኪናውን ዋጋ ነው። እውነት ነው፣ አይሱዙ እስከዚያ ድረስ መከራየት ኪስ ያራቁታል። ጫኝና አውራጆቹም ቁም ሳጥኑ ከበር ሳይወጣ የሚጠሩት ሂሳብ ያስደነግጣል። ይሄ ነገር ስንቱን አስመርሯል፤ መስተካከል አለበት። እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ቤታችንን የሞላው ለብርድ የተገዛ ዕቃ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር አካባቢ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። እኛ ደግሞ ያለን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና ክፍሉን የሚያፍን ሶፋ። ይህን ሁሉ አስጭኜ ምን ላደርገው? ሶፋው በቴሌግራም ተሸጠ። ብርድ ልብሶቹን እህቴ ወሰደች። ጋቢውን ግን አልሰጥም። እናቴ የፈተለችው ነው፤ ሞቀም በረደም አብሮኝ ይሄዳል።

ፍሪጅ ለምታስጭኑ፦ ቆሞ ይጫን። ከተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይገባል። ከደረሰም በኋላ ሳትሰኩት ለሰዓታት ይቆይ። ምጣዱ ደግሞ ሸክላ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ በሁለት ፍራሽ መሃል አቆምኩት። ሹፌሩ አይቶ፣ «ደግ አደረግሽ እህቴ። ከባድ ከባዱን ወደ ጋቢናው እናስጠጋለን፤ ከጎሬ ወዲያ ቁልቁለት ነው» አለኝ።

ወቅቱም አንድ ፈተና ነው። ለመንገዱ በጋ ይሻላል፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ ላይ ስለሆነ በሐምሌ ዝናብ ይጓዛል። ሸራ ብቻውን አይታመንም። መጽሐፉም ዱቄቱም በላስቲክ ታስሯል። አጎበሩን መኪናው ላይ አልጭነውም፤ ከልጆቹ ሻንጣ ጋር ከእኔ አይለይም። ጋምቤላ ወባ አለ። ዕቃው ቢዘገይ እንኳ ልጆቼ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያለ አጎበር አያድሩም።

የወረዳውን መሸኛና የልጆቹን የትምህርት መልቀቂያ እንዳትረሱ፤ ያለ መሸኛ እዚያ መታወቂያ ማውጣት ጣጣ ነው።

«እዚያ ዳር አገር ምን አለ ብለሽ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ይሄ ይከፋኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። ክረምት ባሮ ሲሞላ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በእንፋሎት ጀልባ እስከ ካርቱም ይወርድ ነበር። ጋምቤላ የወደብ ከተማ ነበረች። ልጆቼ ይህን አውቀው እንዲገቡባት እፈልጋለሁ።

አሁን የቀረኝ ሊጡ ነው። እዚህ ቀናት የሚፈጅ ሊጥ እዚያ በሙቀቱ ቶሎ ይቦካል፣ ይኮመጥጣልም። ጋምቤላ ያላችሁ እህቶቼ፣ እርሾውን ምን ያህል እንደምትቀንሱና ሊጡን የት እንደምታስቀምጡት በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።