ሳይፈቀድልኝ ፑሽ አፕ የሠራሁ ዕለት

የተከበራችሁ የጠዋት ስፖርት ቤተሰቦች፣ አሰልጣኞቻችን፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክንዴ ነው። ከብዙዎቻችሁ ጋር ዓመታት አብረን ሮጠናል፤ ይህን ግን አንዳችሁም አታውቁም። "በዚህ ፀሐይ ረጅም እጅጌ ምንድን ነው?" ስትሉኝ "ይበርደኛል" እያልኩ አልፌያለሁ።

104 ኪሎ ነበርኩ። በሁለት ዓመት 41 ኪሎ ቀነስኩ። ሰው ሁሉ "ጎበዝ!" አለኝ። ቆዳዬ ግን አብሮኝ አልቀነሰም። ለዓመታት የተለጠጠ ቆዳ እንደ ድሮው አይሰበሰብም። ከብብቴ እስከ ክርኔ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስሮጥ ይማታል። እጥፋቱ ውስጥ ላብ ይጠራቀምና ይልጠኛል። ዳምቤል ባነሳ ጡንቻዬ ጠነከረ እንጂ ትርፉ ቆዳ ንቅንቅ አላለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ጥገና ተሠራሁ። ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ወጣ፣ የቀረው ተሰፋ። በክንዴ ውስጠኛ ጎን ከብብቴ እስከ ክርኔ የሚወርድ ጠባሳ አለኝ። ይኸው፣ ዛሬ እጅጌዬን ሰብስቤዋለሁ።

"እግዜር የሰጣትን ገላ ለቁንጅና ብላ አስቆረጠች" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ያንን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። የጎዳኝም እሱ ዝምታ ነው።

ከሐኪም ቤቱ ስወጣ የተሰጠኝ አንድ ወረቀት ነበር። "ከባድ ነገር አታንሺ" ይላል። ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው? እስከ መቼ? አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅሁም። በአምስተኛው ሳምንት ስፌቱ ገጥሟል፣ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ተሻለኝ ብዬ ጂም ገባሁ። ለአሰልጣኜ አንድ ቃል አልነገርኩትም። እሱም እንደማንኛውም ሰው "ፑሽ አፕ፣ አሥር!" አለኝ። ሰባተኛው ላይ ብብቴ ሥር የሆነ ነገር ለቀቅ ሲል ተሰማኝ። አላመመኝም። ስነሳ ግን ግራጫው እጅጌዬ ላይ የእንጀራ ዓይን የምታህል ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እያየኋት ሰፋች። ስፌቱ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ቁስል ሳስጠርግ ከረምኩ።

ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። ቆዳ የሚገጥመው ቶሎ ነው፣ የሚጠነክረው ግን ቀስ ብሎ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የቁስሉ ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም። ስለዚህ "አላመመኝም" የሚለው ስሜት ፈቃድ አይደለም። በተለይ ክንድ ላይ ያታልላል፤ ለክንድ ውስጠኛ ጎን ስሜት የሚሰጥ ስስ ነርቭ በዚያው ያልፋልና ቦታው ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። እኔ እንጀራ ስጋግር የምጣዱ እንፋሎት ክንዴን ሲያቃጥለኝ አላወቅሁም። ውሃ ሲቋጥር ነው ያየሁት። እንዲህ የደነዘዘ ክንድ ሲጎተት በሰዓቱ አይነግራችሁም።

ታዲያ መቼ ነው የምንመለሰው? የመጨረሻው ቃል የሠራችሁ ሐኪም ነው። አካሄዱ ግን በአብዛኛው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእግር መንቀሳቀስ እንጂ መተኛት አይበጅም፤ ብዙ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ግን ሜዳ ሜዳውን ነው። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚወጣውን ዳገት አይደለም፤ የደም ግፊት ሲጨምር ገና ያልጸናው ቁስል ውስጥ ሊደማ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚለበሰው፣ ክንድን አጥብቆ የሚይዘው እጅጌ ሐኪሙ አውልቂ እስኪል፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አይወልቅም። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ ሐኪሙ ከፈቀደ የቆመ ሳይክል ይቻላል፣ መሪውን ሳትደገፉ። ክብደት ማንሳት ከስድስተኛው ሳምንት በፊት አይታሰብም። ሲጀመርም በአንድ ኪሎ ነው። ፑሽ አፕ፣ ቮሊቦል፣ መንጠልጠል ወደ ሦስተኛው ወር ይጠጋሉ። ዋናም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ አይሞከርም።

እኔ ስመለስ የያዝኩት ልማድ አለ። ዛሬ የሠራሁትን የምመዝነው ነገ ጠዋት ነው። ክንዴ ካበጠ፣ ጠባሳው ከቀላ ወይም ከጠዘጠዘኝ ወደ ባለፈው ሳምንት ልኬ እመለሳለሁ። ካላበጠ ትንሽ እጨምራለሁ። ከተማችን ጎንደር ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ ማከም፣ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ናት። ሐኪማችሁን ወደ ፊዚዮቴራፒስት እንዲልካችሁ ጠይቁት። ትከሻችሁን ሦስት ወር ሙሉ ካላንቀሳቀሳችሁትም ይደርቃል፤ መቼና እንዴት እንደሚፈታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስፖርት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጎንደር ውስጥ ክንድ የሚጎትተው ብዙ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ሰላምታችን ራሱ ትከሻ ለትከሻ ነው፤ የናፈቀ ዘመድ ክንድ ይዞ ይስባል። ባጃጅ ውስጥ ብረት ጨብጦ መውጣት አለ። እስክስታችንማ ከየትኛው ልምምድ ያንሳል? በዚያ ዓመት ጥምቀት ስምንተኛ ሳምንቴ ነበር። ቁስሌ አልተዘጋም። ፋሲለደስ መዋኛ ጋ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ሲዘሉ፣ ጓደኞቼ ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡ፣ እኔ ክንዴን በነጠላዬ ሸፍኜ ዳር ቆሜ እልል አልኩ። ጎንደር ተወልዶ ጥምቀትን ዳር ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፀሐይ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትከርራለች። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲነካው ይጠቁራል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሸፍኑት። እያበጠ ከመጣና ካሳከከ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳዩ፤ እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ወይም የአንድ ክንድ ድንገተኛ እብጠት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። አንድ እግር አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሰልጣኞቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። መመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ "በዚህ ዓመት ቀዶ ጥገና አድርገሃል? አድርገሻል?" የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ምን ዓይነት እንደሆነ ሰው ፊት አትጠይቁ። ለብቻ ጠርታችሁ "የትኛውን እንቅስቃሴ ተከልክለሻል?" በሉ፤ ይበቃል። ያን ጊዜ አሰልጣኜ ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሼለት ነበር። እሱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ስላልነገርኩት አያውቅም።

ከመካከላችሁ እንደኔ የተሠራችሁ፣ ወይም ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እዚህ እጅ አውጡ አልላችሁም። አሁን ማሟሟቂያ እንጀምራለን። ክንዳችሁን ከትከሻ በላይ ማንሳት ያልተፈቀደላችሁ በስተግራ፣ እኔ ጎን ቁሙ። ለምን እንደቆማችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። እኛ ሜዳውን በእግራችን እንዞራለን።