ግንባር ያልደረሰው ወታደር፦ ካምፕ ዴቨንስ፣ 1918

[ምስል፦ የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ካርታ። ቦስተን፣ ከዚያ ካምፑ ያለበት ቦታ]

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ፈረንሳይ ምሽጎች ነው። ጭቃው፣ እሾሃማ ሽቦው፣ መድፉ። ዛሬ ግን ውቅያኖሱን አንሻገርም። አሜሪካ ውስጥ፣ ከቦስተን በስተ ሰሜን ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ካምፕ ዴቨንስ እንሄዳለን። የማወራላችሁ ስልጠናውን ጨርሰው፣ መርከቡን ሲጠብቁ ጦርነቱ ስላለቀባቸው ወጣቶች ነው። ታሪካቸው ብዙም አይነገርም። መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በኤፕሪል 1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ መደበኛ ሠራዊቷ ከ130 ሺህ ሰው አይበልጥም ነበር። በሜይ የግዳጅ ምልመላ ሕግ ወጣ። ጁን 5 ቀን ከ21 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች በየአካባቢያቸው ተመዘገቡ። ይሄ ሁሉ ሰው የት ይሰልጥን? 16 የእንጨት ካምፖችና 16 የድንኳን ካምፖች በጥድፊያ ተሠሩ። ዴቨንስ ከእንጨቶቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልምሎች ሴፕቴምበር ላይ ከባቡር ሲወርዱ አናጢዎቹ ገና ምስማር እየመቱ ነበር።

[ምስል፦ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ማደሪያ፤ በረድፍ የተደረደሩ የብረት አልጋዎች]

ቀኑ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ በጥሩምባ ነው። መነሳት፣ መልበስ፣ ደጅ ወጥቶ መሰለፍ፣ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት። አልጋ ይነጠፋል፣ ወለል ይጠረጋል፣ ቁርስ ይበላል። ከዚያ ሰልፍ። ቀኝ ዙር፣ ግራ ዙር፣ ወደ ፊት ሂድ። አሁንም እንደገና። በ1917 መኸር ጠመንጃ ስላልተዳረሰ ብዙዎቹ ጠመንጃ በሚመስል እንጨት ነበር የሚለማመዱት። የደንብ ልብስ ያልደረሰው ከቤቱ ለብሶ በመጣው ኮት ይሰለፋል።

ምግቡ ግን ለአብዛኛው ደህና ነበር። ሥጋ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ቡና። በቤቱ ጠግቦ የማያውቅ የድሃ ልጅ እዚህ ኪሎ ጨመረ። ድንቹን የሚልጠው ግን ማን ነው? ያው ራሱ ወታደሩ ነው። ወጥ ቤት በተራ ይገባል፤ ድስት ማጠብም የዚያው ተራ አካል ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ይከብዳል። በገለባ የተሞላ አሻንጉሊት በሳንጃ መውጋት። እውነተኛ ምሽግ መቆፈር። የጋዝ ጭምብል በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ማጥለቅ፣ ከዚያም ጋዝ የተለቀቀበት ዝግ ክፍል ገብቶ መፈተን። ከግንባር የመጡ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መኮንኖች እያዩ ያርማሉ። እነዚህ ሰዎች ሞትን በዓይናቸው አይተው ነው የመጡት። ልጁ እነሱን ሲያይ ስልጠናው ጨዋታ እንዳልሆነ የሚገባው ይመስለኛል።

ደመወዙስ? በወር 30 ዶላር። ሚስት ወይም ልጅ ካለው ከዚያ ላይ 15 ዶላር በግዴታ ወደ ቤት ይላካል። እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ የሕይወት መድን ከገባ ለእሱም ይቆረጣል። በየወሩ እየተቆረጠለት የጦርነት ቦንድ የሚገዛም ብዙ ነበር። የደመወዝ ቀን እጁ ላይ የምትቀረው ለሲጋራና ለከረሜላ ብትበቃ ነው።

[ምስል፦ በአዳራሽ ውስጥ አጎንብሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ወታደሮች]

እኔን በጣም የሚነካኝ ማታው ነው። የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር፣ ማለትም ወወክማ፣ በየካምፑ አዳራሾች ነበሩት። ወረቀትና ፖስታ በነጻ ይሰጣል። ፒያኖ አለ፣ ቡጢ ግጥሚያ አለ፣ መዝሙር የሚያስጠና ሰው አለ። ከሁሉም በላይ ግን ደብዳቤ አለ። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ ካልሲ ላኩልኝ።»

መጻፍ የማይችለውስ? ሠራዊቱ በዚያ ዘመን 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በፈተና መዝኖ ነበር። ጋዜጣ አንብቦ መረዳትና ለቤተሰቡ ደብዳቤ መጻፍ የማይችለው ከአራቱ አንዱ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከአምስቱ አንዱ የሚጠጋው ደግሞ ውጭ አገር የተወለደ ስደተኛ ነው፤ ጣልያን፣ ፖላንድ፣ ሩሲያ። ስለዚህ የተማረው ላልተማረው ይጽፍለታል፣ እኛ አገር ፖስታ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ እንደሚጽፉት ሰዎች። የእንግሊዝኛ ትምህርትም በየአዳራሹ ይሰጥ ነበር።

ይሄ መቀራረብ ግን ለሁሉም አልነበረም። ወደ 380 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን በዚያ ጦርነት አገልግለዋል። በተለየ ክፍል፣ በተለየ ማደሪያ። አብዛኞቹ የተመደቡት ጭነት ለማራገፍ፣ መንገድ ለመሥራትና ለመሰል ጉልበት ሥራ ነው። የጠሯቸው ለአገር ብለው፣ የያዟቸው እንደ ባዕድ። ይሄን ዘልዬ የካምፑን ሕይወት ማሳመር አልችልም።

[ምስል፦ ጠባብ የአልጋ ረድፍ፤ ከዚያ የሆስፒታል ኮሪደር]

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካምፑ ሰውን ወታደር የሚያደርገው አጠጋግቶ ነው። አልጋ ለአልጋ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ከአንድ ድስት። የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ክፍል የሚሆኑት እንዲህ ነው። የገደላቸውም ያው መጠጋጋት ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1917 እና 1918 መካከል ባለው የብርድ ወራት ኩፍኝና የሳንባ ምች ብዙ ካምፖችን መቱ። የሠራዊቱ ዋና ሐኪም ዊልያም ጎርጋስ ሰው ተጨናንቋል ብለው አጥብቀው ተናገሩ። ግን ጦርነቱ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ባቡሮቹ አልቆሙም።

በሴፕቴምበር 1918 ዴቨንስ የተሠራው ለ36 ሺህ ሰው ሆኖ ከ45 ሺህ በላይ ይዞ ነበር። በወሩ መጀመሪያ ጥቂት ወታደሮች አተኮሳቸው። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፣ ያ ኃይለኛ ጉንፋን። ወሩ ሳያልቅ የታመመው ከ14 ሺህ አለፈ። የሞተው 757። እነዚህ ሽማግሌዎች አይደሉም። ከሳምንት በፊት ምሽግ ሲቆፍሩ የነበሩ ጎረምሶች ናቸው። ፊታቸው ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ነርሶቹና ሐኪሞቹም አብረው ወደቁ። የዘመኑ ታላቅ ሐኪም ዊልያም ዌልች ሊያዩ መጥተው እጅግ ደነገጡ።

ይህን በሽታ እኛም እናውቀዋለን። በዚያው ዓመት አዲስ አበባን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ነው። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በእሱ ምክንያት ነው።

በካምፖቹ የተወሰደው እርምጃ ምን ነበር? ስብሰባ ተከለከለ። በአልጋዎች መካከል አንሶላ ተሰቀለ። የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል እንዲሆን ተደርጎ እንዲተኙ ታዘዘ። ወርዱ ግን ያው ጠባብ ክፍል ነው። በመጨረሻ መንግሥት ለኦክቶበር የጠራቸውን 142 ሺህ ምልምሎች እንዳይመጡ አደረገ። በጦርነት መሃል ምልመላ የሚያስቆም በሽታ ነበር።

[ምስል፦ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን]

በዚያ ጦርነት ከሞቱት 116 ሺህ ገደማ አሜሪካውያን ወታደሮች በውጊያ የሞቱት 53 ሺህ ያህል ናቸው። ከ63 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሌላ ምክንያት ሞቱ፤ አብዛኞቹ በበሽታ። «ግንባር አልደረሰም» ብለን የምናልፈው ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። እናቱ ዘንድ የደረሰው መርዶ ከሌላው አያንስም።

ዴቨንስ ላይ በጁላይ 1918 የተቋቋመው 12ኛ ክፍለ ጦር ፈረንሳይን ሳያይ ቀረ። ኖቬምበር 11 ቀን ተኩስ ቆመ። ልጆቹ ጠመንጃቸውን አስረከቡ፣ በሐኪም ታዩ፣ ቀሪ ደመወዛቸውን ተቀብለው በባቡር ወደ ቤታቸው ሄዱ። በ1919 መጀመሪያ ክፍለ ጦሩ ተበተነ። ካምፑ ግን አልተዘጋም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ከፈረንሳይ የተመለሰው 26ኛ ክፍለ ጦር የተሰናበተው እዚያው ነው።