ለቢግ ኢስት አስራ አንድ ይበቃዋል

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከኋላ ኳስ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ልጆችም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ቅርጫት ኳስ እንድናገር ስጠየቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ዓመት በልቤ የያዝኩት ጉዳይ ነውና።

ጥያቄው አጭር ነው። የእኛው የዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚጫወትበት ኮንፈረንስ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ማኅበር፣ ቢግ ኢስት፣ አዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ይጨምር ወይስ አይጨምር? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አይጨምር። አሁን ባሉት 11 ይቆይ።

ታሪኬ የሚጀምረው ከታክሲ ነው። በ1990ዎቹ እዚሁ ዋሽንግተን ታክሲ እነዳ ነበር። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ይቅርታ። ቋንቋው ገና አልገባኝም፣ ሰውም አላውቅም። ማታ ማታ ሬዲዮ ስከፍት የጆርጅታውን ጨዋታ ይመጣል። ኮከቡ አለን አይቨርሰን ለጆርጅታውን የሚጫወትበት ጊዜ ነበር። ከእንግሊዝኛው ግማሹን ሳልሰማ የአስተላላፊው ድምፅ ሲጨምር ልቤ አብሮ ይመታል። በ1997 መጨረሻ ጆርጅታውን ከከተማው ውጭ ካለው ከላንዶቨር ወጥቶ መሀል ከተማ ወዳለው አዲስ አዳራሽ ገባ። ያኔ ኤም ሲ አይ ሴንተር ነበር የሚባለው፣ ዛሬ ካፒታል ዋን አሬና የምትሉት ነው። ጨዋታ ሲያልቅ በሩ አካባቢ ቆሜ ደጋፊ እጭናለሁ።

የቆየው ተፎካካሪያችን ሲራክዩስ የመጣ ቀን ወሬው ሌላ ነው። ተሳፋሪው የዛሬውን ጨዋታ ትቶ የ1980ውን ያነሳል። ሲራክዩስ በሜዳው 57 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። አዳራሹ ሊዘጋ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ጆርጅታውን ሄዶ 52 ለ50 ረታው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ፣ ከስንት ሰው እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ሁሉም ትናንት የሆነ ያህል አድርጎ ነው የሚነግረኝ።

እኛ ይህን ስሜት እናውቀዋለን። ቡናና ጊዮርጊስ በሦስት ዓመት አንዴ ቢገናኙ ኖሮ አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ ማን ከንጋት ጀምሮ ይሰለፍ ነበር? ፉክክር መመላለስ ይፈልጋል። ዘንድሮ ያሸነፈህን ቡድን ከወር በኋላ በሜዳህ ስታገኘው ነው ነገሩ የሚጥመው። ደርሶ መልስ የምንለው ይህንኑ ነው።

ቢግ ኢስት የተሠራው በዚህ ላይ ነው። በ1979 ዴቭ ጋቪት የሚባል የፕሮቪደንስ አሰልጣኝ ከኒው ዮርክ፣ ከቦስተን፣ ከዋሽንግተንና ከአካባቢው ሰባት ትምህርት ቤቶችን ሰበሰበ። በዚያው ዓመት የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው ኢ ኤስ ፒ ኤን ሥራ ጀመረ። ጣቢያው የሚያሳየው ጨዋታ ይፈልጋል፣ ቢግ ኢስት ደግሞ ጨዋታ አለው። በ1984 አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ከተጫዋቹ ከፓትሪክ ዩዊንግ ጋር ጆርጅታውንን የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረገ። ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። በዓመቱ፣ በ1985፣ ለመጨረሻው ከቀሩት አራት ቡድኖች ሦስቱ ከቢግ ኢስት ነበሩ። ቪላኖቫ ጆርጅታውንን 66 ለ64 አሸነፈ። ከ28 ሙከራ ስድስቱን ብቻ ነበር የሳተው። ዛሬም የሚያመው ሰው አለ። እኔ ያኔ አገር ቤት ነበርኩ፣ ግን ተሳፋሪዎቼ አስተላልፈውብኛል።

ከዚያ መስፋፋት መጣ። ምክንያቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ትልቁ የቴሌቪዥን ገንዘብ እዚያ ስላለ ከ1991 ጀምሮ ኮንፈረንሱ የእግር ኳስ ቡድኖችን መያዝ ጀመረ። እነሱ ደግሞ የተሻለ ክፍያ ሲያዩ ሄዱ። በ2004 ማያሚና ቨርጂኒያ ቴክ፣ በ2005 ቦስተን ኮሌጅ ወጡ። ቢግ ኢስት ደንግጦ በአንድ ጊዜ አምስት አዳዲስ አስገባ። 16 ሆኑ።

እስቲ እናስላው። 16 ቡድን፣ 18 የኮንፈረንስ ጨዋታ። አንድ ቡድን ከ15ቱ ጋር ቢያንስ አንዴ ይጫወታል፣ ሁለቴ የሚያገኘው ሦስቱን ብቻ ነው። ደርሶ መልሱ ያን ጊዜ ሞተ።

ያ ዘመን ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም። በ2009 ኒው ዮርክ ባለው አዳራሽ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲራክዩስና ኮኔቲከት ስድስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት የተጫወቱት ያኔ ነው። በ2011 ከ16ቱ 11ዱ የአገሪቱ ሻምፒዮን ለሚለይበት ብሔራዊ ውድድር ተጠሩ። ኮኔቲከት በኮንፈረንሱ ዘጠኝ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸንፎ፣ ተጫዋቹ ኬምባ ዎከር ተሸክሞት በኮንፈረንሱ የዋንጫ ውድድር በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸነፈ፣ ከዚያም የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። ተዓምር ነበር። ግን በዚያው ዓመት በመስከረም ሲራክዩስና ፒትስበርግ ለመውጣት ማሰባቸውን አሳወቁ። በታሪኩ ብዙ ቡድን ያሳለፈበት ዓመት፣ መፍረስ የጀመረበትም ዓመት ሆነ። ብዛቱ አላዳነውም።

በ2013 የሲራክዩስና የጆርጅታውን የኮንፈረንስ ጨዋታ አበቃ። በሜዳችን የመጨረሻውን 61 ለ39 አሸነፍን። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰው እየጨፈረ ወጣ፣ እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰላሳ ምናምን ዓመት የተገነባ ነገር ነበር።

ያዳነን ማነስ ነው። ከአባላቱ ሰባት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ተነጥለው ስሙን ይዘው ወጡ። በትለር፣ ክሬይተንና ዜቪየር ተጨመሩ። አስር ቡድን፣ 18 ጨዋታ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለቴ። በ2020 ኮኔቲከት ተመለሰ፣ ጨዋታው 20 ሆነ። ደርሶ መልሱ ግን አልተነካም። ቪላኖቫ በ2016ና በ2018፣ ኮኔቲከት በ2023ና በ2024 ዋንጫ አነሱ።

አሁን የጨምሩ ባዮችን ክርክር ልስማ። ጠንካራው ክርክራቸው 2024 ነው። ያን ዓመት ለብሔራዊው ውድድር የተጠሩት ኮኔቲከት፣ ማርኬትና ክሬይተን ብቻ ናቸው። ሲተን ሆል በኮንፈረንሱ 13 አሸንፎ፣ ኋላ ሻምፒዮን የሆነውን ኮኔቲከትን ጭምር ረትቶ፣ ቀረ። ያናድዳል። በዚያ ላይ በውድድሩ ውስጥ እያንዳንዱ ጨዋታ ለኮንፈረንሱ ለስድስት ዓመት የሚከፈል ገንዘብ ያመጣል። ስለዚህ ብዙ ቡድን ካለን ብዙ እናሳልፋለን ይላሉ።

እኔ ደግሞ የዚያኑ ዓመት የታችኛውን ሰንጠረዥ እዩ እላለሁ። ዲፖል ሃያውንም ተሸነፈ። የእኛው ጆርጅታውን ሁለት አሸንፎ 18 ተሸነፈ፣ ሁለቱንም ያሸነፈው ዲፖልን ነው። ደካማ ቡድን ሲበዛ የሁሉም ደረጃ ይወርዳል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ላይ ክፍል መቀጠል መፍትሄ አይደለም። ዲፖል ይነሳ። ከሁሉ በፊት ጆርጅታውን ይነሳ። ይህን የምለው ስለምወደው ነው።

ገንዘቡም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሌሎቹ አብዛኛውን ለእግር ኳስ ይሰጣሉ። ከቢግ ኢስት አብዛኞቹ ያ ወጪ የለባቸውም። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ታዲያ የቴሌቪዥኑን ድርሻ ለምን ለ12ና ለ14 እንቆርሰዋለን?

ስማቸው የሚነሱ አሉ። ጎንዛጋ ፓክ 12 ወደሚባል ሌላ ኮንፈረንስ ሄዷል። ጥሩም ሆነ፣ በጣም ሩቅ ነው። በምዕራብ ጠረፍ ያሉት ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ በምሥራቁ፣ አትላንቲክ ኮስት በሚባል ኮንፈረንስ ውስጥ ናቸው። የመረብ ኳስ የምትጫወት ልጅ ለአንድ ጨዋታ አገሩን አቋርጣ ሄዳ በማግስቱ ፈተና ትቀመጣለች? እናቶች፣ ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሴንት ሉዊስም ይጠራል፣ ብዙ አልልበትም።

ዴይተን ግን ልብ ያስነካል። በኦሃዮ ያለች ከተማ ናት፣ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሕዝብ አላት። በ2020 29 አሸንፈው 2 ብቻ ተሸንፈው ሳለ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘባቸው። አንድ ቀን አንድ ቡድን ይጨመር ከተባለ የእኔ ድምፅ ለዴይተን ነው። ግን 12 ቡድን ሁሉም ሁለቴ ይገናኝ ከተባለ 22 ጨዋታ ይሆናል፣ ያ ለተማሪ ይበዛል። 20 ላይ ይቁም ከተባለ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ተጋጣሚ በአንድ ጨዋታ ብቻ ያልፋል። ከጆርጅታውን የሚቀነሰው ማን ይሆን? ቪላኖቫ ቢሆንስ? ሲራክዩስን አጥቼ አይቻለሁ። ሁለተኛ አልፈልግም።

አዲሱ የቴሌቪዥን ውል እስከ 2031 ድረስ ነው። እስከዚያ ጊዜ አለ። ውሳኔው በዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶች እጅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የጆርጅታውን ተማሪዎችም ተመራቂዎችም አላችሁ። አጭር ደብዳቤ ጻፉላቸው። ደርሶ መልሱን አትንኩብን በሏቸው። እንግሊዝኛውን እናንተ ከእኔ ትሻላላችሁ።

እናንተ ኳስ የያዛችሁት ደግሞ፣ ቪላኖቫ ሲመጣ ጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ መውጫው ላይ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።