«እማዬ፣ ተይው፣ ቁጭ በይ»

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ እርጅና ሳይንስ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቤተ ሙከራ ከመግባታችን በፊት ግን ከቤቴ ልጀምር።

እናቴን ከደሴ ወደዚህ ወደ አሜሪካ ያመጣኋት በ68 ዓመቷ ነው። እዚያ እያለች ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ነበር። ከገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በእግሯ ትመለሳለች። ሊጥ ታቦካለች፣ ቡና ትወቅጣለች፣ ጎንበስ ቀና ስትል ነው የምትውለው። እዚህ ስትመጣ እኔና እህቴ የደከመችበትን ልንክሳት ፈለግን። ሳህን ልታነሳ ስትል «እማዬ፣ ተይው፣ ቁጭ በይ» እንላለን። ልብስ ልታጥፍ ስትል «ኧረ በሞቴ!» ብለን እንቀማታለን። በረዶ ሲጥል ደግሞ ትወድቃለች ብለን ከቤት አናስወጣትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ የምትጠብቅ ሆነች። እኛም «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አልን።

ባዮሎጂ ተምሬ፣ በዚሁ ሙያ እንጀራዬን እየበላሁ፣ ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመሆኑ «ዕድሜ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች ፊላደልፊያ ውስጥ የሰው ሴሎችን በብልቃጥ ያሳድጉ ነበር። በዚያን ጊዜ ሴል ምግብ እስካገኘ ድረስ ያለማቋረጥ ይባዛል ተብሎ ይታመን ነበር። የእነሱ ሴሎች ግን 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው ቆሙ። ዋናው ምክንያት የታወቀው ኋላ ነው። የዘር መረጃችንን የተሸከሙት ክሮሞዞሞች ጫፋቸው ላይ ቴሎሜር የሚባል መከላከያ አላቸው። የጋቢን ጫፍ አስቡት። ካልተቋጨ ይተረተራል። ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ያ የተቋጨው ጫፍ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፋፈል ያቆማል። ይህንን ያብራሩት ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

መከፋፈል ያቆሙት ሴሎች ሁሉ ደግሞ አይሞቱም። አንዳንዶቹ እዚያው ተቀምጠው ብግነት የሚያስነሳ ነገር ይረጫሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ቶሎ እንዲያረጁ ከተደረጉ አይጦች ላይ እነዚህን ሴሎች አስወገዱ። የአይጦቹ ጡንቻ መድከምና የዓይን ሞራ ዘገየ።

እኔን በተማሪነቴ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ትል ነው። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚኖረውም ለጥቂት ሳምንታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲንቲያ ኬንየን የምትመራው ቡድን አንድ ዘረመሉ (ጂኑ) የተለወጠ ትል ከጓደኞቹ እጥፍ እንደሚኖር አሳየ። ጓደኞቹ አርጅተው ሲጋደሙ እሱ ይንቀሳቀስ ነበር! እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው እርጅናን እንደ ጫማ ማለቅ ነበር የሚያየው። አንድ ዘረመል ይህን ያህል ከለወጠው ግን ፍጥነቱን የሚወስን ነገር ሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት ለአይጦች ተሰጠ። የተጀመረላቸው በ600 ቀናቸው ነው። በእኛ ሲሰላ ወደ 60 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ዕድሜያቸው ረዘመ። እዚህ ላይ አደራ ልበላችሁ። ይህ መድኃኒት የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ ነው፤ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ለዚህ ነው። የሰውን እርጅና ያክማል ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን አንድም የለም። ዩቲዩብ ላይ «ወጣት ያደርጋል» ተብሎ ለሚሸጥ እንክብል ገንዘባችሁን አታውጡ።

በዚህ አዳራሽ ፓስፖርታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» የተጻፈላቸው ብዙ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። የተወለዱበት ቀን ስላልተመዘገበ ነው። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዓለም ሁሉ ዕድሜውን ይጠይቅ ነበር። እሱም ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ማለቱ ይነገርለታል። ዛሬ ሳይንሱ ወረቀት ላይ ያለው ዕድሜና የሰውነት ዕድሜ ሊለያዩ እንደሚችሉ ይነግረናል። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ደረጃ ይወጣል፣ ሌላው ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፊሉ የዘር ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የኑሮ። አሁን ወደ እናቴ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 10 ደካማ ሰዎች ለጥናት ተመረጡ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 ነበር። ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ፤ ለይምሰል የሆነ ቀላል ነገር ሳይሆን ከበድ ያለ ክብደት። 9ኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት! ጡንቻቸው ሥራ ሲሰጠው ታዘዘ።

የዚህ ተቃራኒም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ጤነኛ የሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ሰዎችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አዋለ። በ10 ቀን ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው እናቴ ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። አክብረናት ነበር። ወደናት ነበር። በፍቅር አዳከምናት።

ስለ መርሳት በሽታም አንድ ነገር ልበል፤ በየቤታችን እየገባ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማ እንደሚለው፣ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ቢስተካከሉ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ብቸኝነት፣ የዓይን መድከም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የጆሮ መድከምም አለበት። ለቅሶ ቤት ምንም ሳይሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚቀመጡ አባቶችን አይቻለሁ። ማዳመጫ ማድረግ አያሳፍርም። የግፊት ኪኒናችሁንም «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። ግፊት ሳይሰማችሁ ነው የሚጎዳችሁ።

እናቴ ዛሬ 74 ዓመቷ ነው። ከሐኪሟ ጋር ተማክረን ከወንበር በመነሳትና በመቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ ሁለቴ፣ ከዚያ አምስቴ፣ አሁን አሥር አሥር ጊዜ። ወጥ ቤቱንም መለስንላት። ዛሬ የበላችሁት ድፎ ዳቦ የእሷ ነው፤ ሊጡን ራሷ ነው ያቦካችው።

አሁን ወንበራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የጎረቤቱን ክንድ ይያዝ። ሌሎቻችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ቀስ እያላችሁ። ልጆች፣ እናትና አባቶቻችሁን አትያዙ፤ አጠገባቸው ብቻ ቁሙ።

እማዬ፣ ተነሺ፤ አንቺ አስጀምሪን።