ፍላሹ ባዶ አይደለም፤ የተደበቀ ፎልደርን በስክሪፕት ማውጣት

[ስክሪን፦ የተከፈተ ፍላሽ፤ አንድ ሾርትከት ብቻ ይታያል]

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለነው። ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ፕሪንት አድርጋ ልታስጠርዝ መጣች። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ፍላሹን ሰካው። ባዶ! «ኧረ ማታ እኮ ነበር!» አለች፣ ድምጿ ተሰባበረ። አብሽሪ፣ አልጠፋም። የፍላሹን ፕሮፐርቲስ እንክፈተው፤ 3 ጊጋ ተይዟል ይላል። ባዶ ፍላሽ ደግሞ 3 ጊጋ አይዝም።

[ስክሪን፦ 1፣ 2፣ 4፣ 16፣ 32]

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር አትሪቢዩት የሚባል ቁጥር ይይዛል። 1 ማለት ይነበባል እንጂ አይቀየርም። 2 ድብቅ ነው። 4 የሲስተም ነው። 16 ፎልደር መሆኑን ይናገራል፤ 32 ደግሞ አርካይቭ ነው፣ ባክአፕ የሚወስዱ ፕሮግራሞች የተነካውን ካልተነካው የሚለዩበት። ቁጥሮቹ ይደመራሉ፣ ግን እያንዳንዱ የፊተኛው እጥፍ ከሆነ ተከታታይ የተወሰደ ስለሆነ ድምሩን አይታችሁ የገቡበትን መልሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ፍላሹ ላይ የገባው ቫይረስ የልጅቷን ፎልደር አልሰረዘም፤ 2 እና 4 ለጠፈበትና በቦታው ሾርትከት አስቀመጠ። 16 ሲደመር 4 ሲደመር 2፣ 22።

«ታዲያ በማውስ ሂደን የሚለውን ምልክት አላነሳውም?» ትሉኛላችሁ። ሞክሩት፤ ደብዝዞ አልነካ ይላችኋል፣ ምክንያቱ ያ 4 ነው።

[ስክሪን፦ ፓወርሼል]

ስለዚህ ፓወርሼል እንክፈት፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ፣ ትእዛዝ እየጻፍን የምንሰጥበት ፕሮግራም ነው። ጌት-አይተም ብላችሁ የፎልደሩን ስም ስትሰጡት መጀመሪያ የለም ይላችኋል፤ አትደንግጡ፣ ድብቅ ነገር የሚያየው ፎርስ የምትለዋን ቃል ስትጨምሩለት ነው። አሁን አትሪቢዩቱን ጠይቁት። ሂደን፣ ሲስተም፣ ዳይሬክተሪ ብሎ በስም ይዘረዝራል፤ ወደ ኢንቲጀር፣ ማለትም ወደ ሙሉ ቁጥር፣ ስትቀይሩት ያው 22።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። 2ን ለማንሳት 2 እቀንሳለሁ ይላል። ከ22 ላይ ሲቀንስ ይሠራለታል፣ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ያንኑ ስሌት ስክሪፕት፣ ማለትም በተራ የሚሠሩ ትእዛዞች፣ አድርጎ በፍላሹ ሙሉ ይለቀዋል። ድብቅ ያልሆነ፣ ቁጥሩ 32 የሆነ ፋይል ላይ ሲደርስስ? 32 ሲቀነስ 2፣ 30። 30 ውስጥ ደግሞ 16፣ 8፣ 4፣ 2 አሉ! ድብቅ ያልነበረውን ድብቅ አድርጎ ቁጭ። መቀነስ ሳይሆን ያቺን ቢት፣ ማለትም የ2ን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብቻ ማጥፋት ነው፤ በፓወርሼል ቢ-አንድ (-band) እና ቢ-ኖት (-bnot) የሚባሉት ለዚህ ናቸው። 2 ካለ ያነሱታል፣ ከሌለ ምንም አይነኩም።

[ስክሪን፦ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት]

ወረፋ ለያዘ ሰው አጭሩ መንገድ አትሪብ (attrib) የሚባለው ትእዛዝ ነው። ማይነስ ኤስ እና ማይነስ ኤች አንድ ላይ ስጡት፤ ኤችን ለብቻዋ ከሰጣችሁት የሲስተም ነው ብሎ እምቢ ይላል። ውስጥ ድረስ እንዲገባ ስላሽ ኤስ፣ ፎልደሮችንም እንዲነካ ስላሽ ዲ ጨምሩ።

ሾርትከቱን ግን ክሊክ እንዳታደርጉት፣ ቫይረሱን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ኮምፒውተሩንም አስቀድማችሁ በአንቲቫይረስ አጽዱት፤ አለዚያ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት ፎልደሩ 22 ሆኖ ይጠብቃችኋል።