ኑዛዜ፦ ራሳችን እንጻፍ ወይስ ጠበቃ እንያዝ?

የተከበራችሁ የእድሩ ሰብሳቢ፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤

አስቀድማችሁ የላካችሁልን ጥያቄ አጭር ነው፤ «ጠበቃ ሳንይዝ ራሳችን ብንጽፈው ይጸናል ወይ?» ይጸናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡን ጠበቃ ያዝ አይለውም። አጥብቆ የሚጠይቀው የአጻጻፉን ሥርዓት ነው። የሟቹ ፍላጎት ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ወይም አንድ ፊርማ ስለጎደለ ብቻ ኑዛዜው ይፈርሳል።

በጽሑፍ ለመናዘዝ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በራሳችሁ እጅ ትጽፉታላችሁ፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ትናገራላችሁ፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ምስክር አያስፈልገውም። ራሳችሁ በኮምፒውተር ከጻፋችሁት ግን በመሣሪያ የጻፋችሁት እናንተ መሆናችሁን በየወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሕፈታችሁ ማስፈር አለባችሁ። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ልጅ በኮምፒውተር ጽፎ አባት ከታች ቢፈርሙበት የአባት ጽሕፈት አይሆንም። ማንበብ የማይችል ሰው ፊደሉን እያየ ቢገለብጠውም ዋጋ የለውም።

ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ ሌላም ወጥመድ አለው። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ (ውልና ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ሹም) ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ 10 ዓመት የቆየ ኑዛዜ፣ ጽሕፈቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይሠራም።

ሁለተኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ እናንተ እየተናገራችሁ ጠበቃ፣ ጎረቤት ወይም ራፖር ጸሐፊም ቢጽፈው ይሆናል። ከተጻፈ በኋላ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም እዚያው ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም) ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መነበቡ ብቻ አይበቃም፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ አለበት። «ይህ ኑዛዜ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ፈርመናል» የምትል ቃል ከቀረች ሌላው ሁሉ ተሟልቶም ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ለውርስ የሚበቃ ሰው ደግሞ ምስክር አታድርጉ፤ የክርክር በር ትከፍታላችሁ። ሰብሳቢያችን ይቅር ይበሉንና የእድር ማኅተም የአራተኛ ምስክር ምትክ አይሆንም።

የቃል ኑዛዜን በተመለከተ አትመኩበት። ሞት የቀረበበት ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ያገለግላል። ቤት በቃል አይናዘዙም።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ፣ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ለየብቻ ጻፉ፤ እያንዳንዳችሁም ከጋራ ሀብቱ የራሳችሁን ድርሻ ብቻ ተናዘዙ። ባል ቤቱን በሙሉ ለአንድ ልጅ ቢናዘዝ የሚስቱን ግማሽ መስጠት አይችልም።

ልጅን ከውርስ መንቀል የፈለገ ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ፍርድ ቤት የሚመዝነው የተጻፈው ምክንያት፣ እውነት ነው ተብሎ ሲወሰድ፣ ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ነው። ስለዚህ «ስላስቀየመኝ» ከማለት ምን እንዳደረገ ግለጹ። ሳይነቅሉ ድርሻውን ማሳነስም ገደብ አለው፤ ከሚገባው ድርሻ ከሩብ በላይ የጎደለበት ተወላጅ (ልጅ ወይም የልጅ ልጅ) ክፍፍሉን ተቃውሞ መክሰስ ይችላል።

እንግዲህ ጠበቃ መቼ ይያዝ? አንድ ቤትና የባንክ ገንዘብ ያለው፣ ለልጆቹ እኩል ለማካፈል ያሰበ ሰው ራሱ ጽፎ ለማረጋገጫ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሄድ ይበቃዋል ብለን እናምናለን። ከሁለት ትዳር የተወለዱ ልጆች ካሉ፣ ልጅ የሚነቀል ከሆነ፣ የኩባንያ አክሲዮን ወይም ገና ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ግን የጠበቃውን ክፍያ አትሰስቱ። የገጠር መሬት ያለውም እንዲሁ፤ የይዞታ መብት በኑዛዜ ለማን ሊተላለፍ እንደሚችል የክልሉ የመሬት ሕግ ይገድባል። ስትሄዱ ካርታውን፣ የጋብቻና የልጆችን የልደት ማስረጃ፣ የዕዳ ውሎችን ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህን ሳይጠይቅ የሌላ ሰው ኑዛዜ ላይ ስም ለውጦ የሚሰጣችሁ ጠበቃ ራሳችሁ ከምትጽፉት አይሻልም።

ስርዝ ድልዝ አታብዙ፤ ሐሳባችሁ ከተለወጠ የቀድሞው መሻሩን ገልጻችሁ አዲስ ጻፉ። ፍቺ ከተፈጸመ ወይም ልጅ ከተወለደ ኑዛዜያችሁን እንደገና ተመልከቱት፤ ለቀድሞ ባል ወይም ሚስት የተሰጠው በፍቺው ይሰረዛል። ዋናውን ቅጂ በደንብ አስቀምጡ። መዝገብ ቤት ያላስቀመጠ ሰው ዋናው ከጠፋበት ፎቶ ኮፒው በፍርድ ቤት አይረዳውም። የት እንዳለ ደግሞ ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ።

አሁን ጥያቄያችሁን እንቀበላለን።